የሁለተኛው ዓይኔ ወጪ

ነገሩ በጠቅላላው የፈጀብኝ ይኼን ነው፦ አንድ የብረት በር፣ አንድ ሙክት ፍየል፣ የአንድ የማሾ ወቅት ግማሽ፣ እንዲሁም ከሚስቴ እህት ጋር የነበረኝ ሰላምታ። ዓይኑ ራሱ የተሳለልኝ በነፃ ነው። በነፃ የሚሠራ ነገር ምን ያህል እንደሚያስወጣ የማያውቅ ሰው ካለ ሸዋ ሮቢት ይምጣና መጋዘኔ ፊት ለፊት ቆሞ ይጠይቅ። ከእኔ ቀድሞ የሚመልስለት አይጠፋም።

እኔ የማሾ፣ የዚያች ትንሽ አረንጓዴ ጥራጥሬ፣ ነጋዴ ነኝ። ሽንኩርትም እገዛለሁ፤ ሽንኩርት ግን ጠባዩ አይመቸኝም። በቆላ ሙቀት ሽንኩርት ያከማቸ ሰው እንቅልፍ የለውም፤ ገዢው አንድ ቀን ካረፈደ ጠረኑ ራሱ ወጥቶ ለሰፈሩ ያወራበታል። ማሾ ጨዋ ነው። ጆንያው ውስጥ ተቀምጦ፣ አፉን ዘግቶ፣ ዋጋውን ይጠብቃል። አንዳንድ ዘመዶቼ ከማሾ ቢማሩ ደስ ይለኝ ነበር።

የማሾ ንግድ የሚቆመው በሚዛን ላይ ነው። የእኔ ሚዛን ደግሞ የሚቆመው በጋሽ ሸዋንግዛው ላይ ነው። ጋሽ ሸዋንግዛው የቀወት ገበሬ ናቸው፤ ብዙ የሚያመርቱ ሰው ናቸው ለማለት ሳይሆን፣ የእሳቸው አህዮች ወደ ታጠፉበት በር የመንደሩ አህያ ሁሉ ይታጠፋል። ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ምናልባት ብዙ ስለማይናገሩ ይሆናል። ዝም የሚል ሰው ሁልጊዜ አንድ ነገር የሚያውቅ ይመስላል። ስንት ዓመት ሙሉ እነዚያ አህዮች ወደ እኔ በር ሲታጠፉ ኖረዋል፤ ያቺ መታጠፊያ ከቀረች እኔም ከነሚዛኔ ቀረሁ ማለት ነው።

ከአስፋልቱ ማዶ ጥላሁን አለ። እሱም ማሾ ይገዛል። በበዓል እንጠያየቃለን፣ በሥራ ቀን እንሰላለላለን። ባለፈው መኸር መዳረሻ ላይ ጥላሁን ከበረንዳው በላይ አንድ ትልቅ የላስቲክ ማስታወቂያ ሰቀለ። እያንዳንዷ ማሾ የዶሮ እንቁላል ታክላለች። በመሀል ራሱ ጥላሁን ክራባት አስሮ ፈገግ ብሏል። በሸዋ ሮቢት ፀሐይ ክራባት ያሰረ ሰው ወይ ሙሽራ ነው ወይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነው። ገበሬው ግን ቆሞ ያያል።

«እኛስ?» አለችኝ ባለቤቴ አስካለ።

«እኛ ሚዛን አለን።»

«ሚዛን ከሩቅ አይታይም» አለች።

በዚያው ሰሞን የእህቷ ልጅ ብሩክ ከደብረ ሲና ወርዶ እኛ ዘንድ ነበር። አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ የጨረሰ ልጅ ነው። «ደብረ ሲና ብርድ ነው፣ ቀለም ቶሎ አይደርቅም» ብሎ ነው የመጣው። ቆይቶ እንደገባኝ ቶሎ አልደርቅ ያለው የእናቱ ንዝንዝ ነው። ቀለሙንና ብሩሹን ይዞ በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ የሰውን ፊት ሲያጠና ይውላል፤ አንዳንድ ሰው ዕዳ የሚቆጥርበት መስሎት በሌላ መንገድ መዞር ጀምሮ ነበር።

«ጋሼ፣ በሩን ለእኔ ስጠኝ» አለኝ። «ሰው ቆሞ የሚያየው ነገር ልሥራልህ። የእኔ ሥራ የጥንቱን ሥዕል ከዘመናዊው ጋር ማዋሃድ ነው።»

«በእኛ ሙያ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ያዋሃደ ሰው ዕቃው ይወረሳል» አልኩት።

ልጁ ሳቀ። እኔ አልቀለድኩም ነበር።

ከሥዕል ጋር የነበረኝ ትውውቅ አይሱዙ ላይ ከሚሳለው አንበሳ አይዘልም። ያም ቢሆን አንበሳ መሆኑን ያወቅኩት ሾፌሩ ስለነገረኝ ነው። ስለዚህ ብሩክ በሩን በሸራ ጋርዶ ሲሠራ አላስቸገርኩትም። ሸራው ሲነሳ፣ እውነቱን ልናገር፣ ወደድኩት። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፤ ጠርዙ በጥቁር ቀለም ወፈር ተደርጎ ተከቧል። የማሾ ጆንያዎች እንደ ደመና ተንሳፍፈዋል። አይሱዙዋ ክንፍ አውጥታ ጣርማ በርን በአየር ትወጣለች። መሀል ላይ እኔ ነኝ፤ ጋቢ ለብሼ፣ ባለ ሁለት ሳህን የድሮ ሚዛን ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ ሳህኑን በጎን አያለሁ።

«እኔ እኮ የምመዝነው መሬት ላይ በሚቀመጥ ሚዛን ነው።»

«እሱ ሥዕል አይሆንም ጋሼ።»

«በጎን የሳልከኝስ ለምንድን ነው?»

«ሚዛኑ ላይ አትኩረህ ነዋ።»

ማተኮር ለነጋዴ ጥሩ ነው ብዬ ተውኩት። በዚያ ላይ ሆዴን ቀንሶልኛል። ሆዱን የቀነሰለትን ሰው የሚመረምር የለም።

የገበያ ቀን ደረሰና ጋሽ ሸዋንግዛው አህዮቻቸውን እየነዱ መጡ። እንደ ልማዳቸው ወደ እኔ በር ታጠፉ። ከዚያ ቆሙ። አህዮቹም ቆሙ። በሩን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይኼ ማነው?»

«እኔ ነኛ ጋሽ ሸዋንግዛው። አልመሰልኩም?»

«መስለሃል» አሉ። «እሱ ነው የከፋው።»

«ምን ሆነ?»

«ስንት ዓይን ነው ያለህ?»

«ሁለት።»

«እዚህ አንድ ነው» አሉና በዱላቸው ጫፍ አሳዩኝ። ከዚያ ፊታቸውን አማተቡ፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አሉ፣ አህዮቹን በቀስታ አዞሩና አስፋልቱን ተሻገሩ። የመንደሩ አህያ ሁሉ ተከተላቸው። አንዷ ውርንጭላ ብቻ ወደ እኔ ልትመጣ ሞክራ ነበር፤ በጆሮዋ ጎትተው መለሷት።

ላላወቀ ሰው ላስረዳ። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በጥንቱ አሣሣል ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት ይሳላል፤ ሁለት ዓይን አለው። ኃጥእና ሰይጣን በጎን ነው የሚሳሉት፤ አንድ ዓይን ብቻ። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ እግሩ እስኪዝል ቆሞ ያስቀደሰ ሰው ሁሉ ግድግዳ ማንበብ ያውቃል። ሚዛን ያለበት ሥዕል ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከፋል። መልአኩ ነፍስ ሲመዝን፣ ከሥር ተለጥፎ ሳህኑን ወደ ራሱ የሚጎትት አንድ ባለ አንድ ዓይን አለ። ያንን ጎታች ነው ብሩክ በሩ ላይ ስሎ፣ ጋቢ አልብሶ፣ የእኔን ፊት የሰጠው። እኔስ? ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁትን ሥዕል በራሴ በር ላይ ሳየው አላወቅኩትም። ሰው የራሱን መልክ ካየ በኋላ ሌላ ነገር አይታየውም፤ በተለይ ሆዱ ከተቀነሰለት።

በማግስቱ ጠዋት ጥላሁን ከማዶ ጮክ ብሎ ሰላም አለኝ።

«ጎረቤት፣ እንዴት አደርክ? በየትኛው ዓይንህ ነው ያየኸኝ?»

ብሩክን ጠራሁት።

«ዓይን ጨምርልኝ።»

«የት ላይ ጋሼ?»

«ፊቴ ላይ ነዋ። ጉልበቴ ላይ ነው እንዴ?»

«በጎን የታየ ሰው ሁለተኛው ዓይኑ በወዲያ በኩል ነው፤ አይታይም።»

«ከወዲያ አምጣው።»

ብሩሹን አንስቶ ወደ በሩ ቀረበ። ከዚያ ፊቱ በራ። ያኔ መፍራት ነበረብኝ። «ጋሼ» አለኝ፣ «የጎደለው ይኼ ነበር እኮ። እስካሁን የሠራሁት የጥንቱን ብቻ ነው። ከወዲያ ያለውን ወደዚህ ካመጣነው ዘመናዊው ገባ ማለት ነው።» ክፍያም እንደማይፈልግ ነገረኝ።

አመጣው። ሁለቱን ዓይኖቼን አንድ ጉንጭ ላይ ደረደራቸው። ሁለቱንም የፊት መብራት በአንድ ጎኑ ያስገጠመ አይሱዙ መሰልኩ። አስካለ ወጥታ አየችና «ጆሮህ የት ሄደ?» አለችኝ። ለካ ቦታ ሲጠብ ጆሮዬን አንስቶታል።

በሩ ፊት ያን ቀን የቆመውን ያህል ሰው ለጥላሁን ክራባት ቆሞ አያውቅም። ያለ እኔ ፈቃድ ጉባኤ ተከፈተ። አንዱ ወገን «ሁለት ዓይን አለው፣ ጻድቅ ነው» ይላል። ሌላው «በጎን ነው የቆመው፣ ዓይን ቢያበዛ ምን ዋጋ አለው» ይላል። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «አይፈረድበትም፣ ገና እየዞረ ሊሆን ይችላል» ብላ ልታስታርቅ ሞከረች። «ወዴት ነው የሚዞረው?» የሚል ጥያቄ ተነሳ፤ ወደ ፊት ከሆነ ንስሐ ነው፣ ወደ ኋላ ከሆነ ግን ሌላ ነው። አንድ የባጃጅ ሾፌር ተሳፋሪዎቹን እንደጫነ ሞተሩን አጥፍቶ ቆይቶ «ሰውየው ይግባኝ ላይ ነው» አለና ሄደ። ስሙ ያው ወጣልኝ። እስከ ዛሬ ባጃጅ የሚሳፈር ሰው «ይግባኝ ጋ አውርደኝ» ካለ የሚወርደው እኔ በር ላይ ነው።

ሰው ግን ያያል እንጂ አይሸጥልኝም። ተስፋ ያደረግኩት በሐጂ ሰይድ ነበር። ሐጂ ከታች ከሜዳው የሚመጡ ገበሬ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አያነቡም፣ ዓይንም አይቆጥሩም። መጡ፤ አዩት።

«ሐጂ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ወላሂ ዓይንህ አሥርም ቢሆን ግድ የለኝም» አሉ። ደስ አለኝ። «ሚዛኑ ግን ለምን አጋደለ?»

አየሁት። እውነትም በእኔ በኩል ያለው ሳህን ወርዷል። በዚያ ሁሉ የዓይን ጭቅጭቅ መሀል ሚዛኑን ያየ ሰው አልነበረም፤ የሚዛኑ ባለቤት እንኳ።

ብሩክ ከኋላዬ ሆኖ አስረዳ። «እንቅስቃሴ እንዲኖረው ነው ሐጂ። ቀጥ ካለ የሞተ ይሆናል።»

«እንግዲያው እኔ የሞተው ይሻለኛል» አሉና ወደ ጥላሁን ተሻገሩ። ጥላሁን ወንበር ሲያቀርብላቸው ታየኝ።

በማግስቱ ማሾ ፍለጋ ወደ ማጀቴ ከተማ ሄድኩ። ማጀቴ ጥሩ ማሾ አለ፤ ከሁሉ በላይ ግን የእኔን በር ያየ ሰው የለም። ስወጣ ለብሩክ ሁለት ነገር ነገርኩት። አንደኛ፣ ሚዛኑን አቃና። ሁለተኛ፣ ይኼ ኃጢአት ሳይሆን ሥዕል መሆኑ ለሰው እንዲገባው አድርገህ ጻፍበት። ልጁ ታዛዥ ነው። ሁለቱንም አደረገ።

ማጀቴ አብሮኝ የዋለው ደላላ ስለ ዓይኔ አንድም ቃል ሳያነሳ ዋለ። ያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን የለም። ማታ ላይ ጥቂት ጆንያ አስጭኜ ስመለስ መጋዘኔ ፊት አንድ የማውቀው መኪና ቆሟል፤ ማሾዬን ከእኔ ተረክቦ ወደ አዳማ የሚወስደው ገዢ ልኮት ነው። የገዢው ሰው ውስጥ ነው። ጆንያ ወግቶ ከመሀል እህል የሚያወጣውን ሹል ብረት ይዞ፣ አንድ ጆንያ ሳያስቀር ሲወጋ ውሏል። ማሾው በየቀዳዳው እየፈሰሰ ነው። የጎረቤት ዶሮ ሁሉ ገብቷል።

«ምን ተገኘ?» አልኩት።

«ምንም። ንጹህ ነው» አለኝ፣ ትንሽ እንደ ማዘን ብሎ።

«ታዲያ ለምን ትወጋለህ?»

«ራስህ በር ላይ ጽፈሃል እኮ።»

ወጣሁና አነበብኩ። ከላይ የዱሮው ጽሑፌ እንዳለ ነው፦ ማሾ። ከሥሩ ብሩክ፣ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥር እንደሚጻፈው በቀይና በጥቁር አሳምሮ፣ እንዲህ ብሏል፦ ባህላዊና ዘመናዊ ቅይጥ።

ቅይጥ። ይህ ቃል በእህል ሰው ጆሮ ከስድብ ይከፋል። ለተሰደበ ሰው ሽማግሌ ይገባል፤ ቅይጥ ለተባለ ማሾ ማንም አይገባም። አሸዋ ያለበት፣ የአምና ያለበት፣ ነቀዝ የበላው ያለበት፣ ሁሉም በዚያች ቃል ይጠራል። በገዛ ራሴ በር፣ በቀይ ቀለም፣ በሁለት ዓይኔ እያየሁ።

የገዢው ሰው ጥፋት የለበትም። «እኔ አምንሃለሁ፣ አለቃዬ ግን ሰው የላከለትን የበሩን ፎቶ አይቷል» አለና መኪናውን ወደ ማዶ አዞረ። የወቅቱ ግማሽ የሄደው ያን ጊዜ ነው።

ብሩክን ልጮህበት ፈልጌ ጠራሁት። «ቃሉ ምን አጠፋ ጋሼ?» አለኝ። ነገርኩት። ቀስ ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ ተነሥቶ የሚፈሰውን ማሾ በእጁ እየዘገነ ወደ ጆንያ መመለስ ጀመረ። በዚህ ልጅ ላይ መጮህ አልቻልኩም። ክፋት የለበትም። ሁለቱም ዓይኖቹ ፊት ለፊት ናቸው።

«ይልቅ ጋሽ ሸዋንግዛው ዘንድ ሂድ» አለች አስካለ። «እሳቸው ከተመለሱ ሁሉም ይመለሳል። ባዶ እጅህን አትሂድ።»

ሙክቱን የምናሰነብተው ለገና ነበር። ጎትቼ ቀወት ወሰድኩት፤ መንገዱን ሙሉ ፊቴን እያየ ሄደ፣ እሱም የሰማ ይመስላል። ጋሽ ሸዋንግዛው ግቢያቸው ውስጥ ሾላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሙክቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ መደቡን አሳዩኝ።

«ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ይኼን ሁሉ ዓመት መዝኜልዎታለሁ። አንድ ቀን ጎድሎብዎት ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ነው?»

«አንተን መቼ ጠረጠርኩ» አሉ። «ግን እኔ ስታጠፍ ሰው ይታጠፋል። ነገ አንዱ ‹ባለ አንድ ዓይን በር ያስገባኸን አንተ ነህ› ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? እሺ አንዱ ዓይን በስሕተት ቀረ እንበል። ቀጥለህ ሁለቱንም ባንድ ጎን አደረግህ። ቀጥለህ ሚዛኑን አቃናህ። ንጹህ ሰው ይኼን ያህል ይገላበጣል ወይ?»

በሚዛን እንኳ ቢሆን ትክክል ነበሩ።

«ቀለም ልቀባበት?»

«ከሥር ያለው መች ይጠፋል። ሰው ያስታውሳል፤ ጭራሽ ሸፈነው ይባላል። በሩን ንቀለው።»

«የት ልጣለው? ብረት ነው።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ወደ ፍየሎቻቸው በረት ዞር አሉ። በሩ እሾህ ነው። «ጅብ አስቸግሮኛል» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

ይኸው ነው ድርድሩ። ስንት ደላላ አይቻለሁ፤ እንዲህ ባጭር ቃል በር የወሰደብኝ የለም።

በሩን ያስነቀልኩት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ በሥውር ቢሆን ደግሞ ሌላ ትርጉም ይወጣለታል። አይሱዙ ላይ አቁመው አሰሩት፣ ፊቴን ወደ ኋላ አድርገው። ሾፌሩ በዋናው መንገድ ቀስ እያለ ምስሌን ይዞ ሲሄድ፣ ከኋላው ባጃጆች ተሰልፈው ሲከተሉት፣ አንዲት አሮጊት ከበረንዳቸው ተነሥተው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። «ማን ነው የሞተው?» አሉኝ፣ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

«እኔ ነኝ እማማ» አልኩ።

«ነፍስ ይማር» አሉና መኪናውን በዓይናቸው ሸኙት።

ጥላሁንም ከማዶ ከወንበሩ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር ጎረቤት» አለኝ። «ደግ ሰው ነበርክ፣ በአንድ በኩል።»

በቀጣዩ ገበያ ጋሽ ሸዋንግዛው መጡ። በር በሌለው መጋዘኔ ፊት ቆሙ፤ የተንጠለጠለውን ጆንያ መጋረጃ አዩ፣ ገለጥ አደረጉት፣ ገቡ። አህዮቹ ተከተሉ። ከመንደሩ ግን ሁሉም አልተመለሰም፤ ግማሹ ከጥላሁን ወንበር ጋር ተላምዷል።

ወቅቱ ካለፈ በኋላ ብሩክን ይዤ ቀወት ሄድኩ፤ ሥራውን ልየው ብሎኝ ነው። በሩ በረቱ ላይ ተተክሏል። ፍየሎቹ ክንፍ ያላት አይሱዙ ሥር ይተሻሻላሉ። ቅይጥ በሚለው ቃል ሥር ጥቁሩም ነጩም ፍየል አብሮ ተኝቷል፤ እዚያ ማንንም አላስቀየመም። ወደ ፊቴ ቀና ስል አንድ ነገር አየሁ።

«ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ሁለተኛውን ዓይኔን ምን ነካው?»

«ደፈንኩት» አሉ። «በእበት።»

«ለምን?»

«ሁለት ዓይን ያለው ጻድቅ አይደል? ጻድቅን ጅብ መቼ ይፈራል። ሁለት ዓይን ሳለ አንድ ግልገል ወሰደብኝ። አንዱን ከደፈንኩት ወዲህ ግን ዝር አላለም።»

ብሩክ ወደ በሩ ቀረበ። ራቀ። ጎንበስ ብሎ እበቱን በጣቱ ነካው። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣ፤ ፍየሎቹንም ጨምሮ።

«ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «አሁን ነው የተዋሃደው።»

ደስ ብሎት ስለነበር ተውኩት። ፎቶውን ግን ማታውኑ ለእናቱ ላከላት። የደብረ ሲናዋ እህት የልጇን ትምህርት ፍየል በረት ላይ፣ በእበት ተለስኖ አየችው። ያን ቀን ለአስካለ ደውላ ለእኔ የሚደርስ መልእክት ነገረቻት፤ አስካለ ግማሹን ነው ያደረሰችኝ፣ ግማሹም ይበቃል። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሣም።

ሒሳቡ ይኼ ነው። በሩ ሄዷል። ሙክቱ ተበልቷል። ማሾው ግማሹ ገብቷል። ሰላምታው አልተመለሰም። ዓይን፣ አንድ።